የየመን ባሕርና የወሎ ቀበሌ፦ የምክር ቤት ጥያቄ የት ላይ ይጠፋል?

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም በየመን አብያን ግዛት ጠረፍ አንዲት ጀልባ ሰጥማ ከ90 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር በወሎ ከሐርቡ እስከ ቆቦ ባለው መስመር ስልክ ይጨናነቃል፤ «የኛ ልጅ ከየትኛው ጀልባ ላይ ነበር?» ይባላል። ቀን ሲገፋ ደግሞ ወሬው ወደ ሌላ ጥያቄ ይዞራል፦ የመረጥነው ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን አለ?

በዚህ ላይ የሚሰማው ሐሜት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ተወካዩ አፉን ዘግቷል ይላል። ሌላው ደግሞ የወሎ ተመራጭ በየመንና በሳዑዲ ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው፣ መጀመሪያ የቀበሌውን ውሃና መንገድ ይጠይቅ ይላል። ሁለቱም ወገኖች የምክር ቤት ጥያቄ በተግባር እንዴት እንደሚሠራና ከየት ላይ እንደሚሰበር አያነሡም። ከዚህ በታች ያለው ትንታኔ በዚያ ላይ ያተኩራል።

ምክር ቤቱ ዝግ ነበር

የቀን አቆጣጠሩን ማየት ብዙ ነገር ያስረዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ጀልባዋ የሰጠመችው ምክር ቤቱ በተዘጋ በ27ኛው ቀን ነው። በመደበኛው አሠራር የሚቀጥለው ጉባኤ ሁለት ወር ገደማ ይቀረው ነበር።

ይህ የአንድ ጊዜ አጋጣሚ አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል የሚሻገሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ያለበትን ዘገባ ያወጣው ነሐሴ 15 ቀን 2015 ነበር፤ ያም የእረፍት ወቅት ነው። ሳዑዲ ክሱን መሠረተ ቢስ ብላዋለች፤ የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር አስታውቆ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ዘገባው ከመውጣቱ በሳምንቱ ማለትም ነሐሴ 8 ቀን ምክር ቤቱ ለአማራ ክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከእረፍት ተጠርቶ ነበር። መጥሪያው መንገድ አለ ማለት ነው። አፈ ጉባኤው በእረፍት ጊዜ ስብሰባ መጥራት ይችላል፤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ከጠየቁ ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። 547ቱ ወንበር ሙሉ ቢሆን 274 ፊርማ ነው።

በአንጻሩ በየመን ሰዓዳ የነበረው የስደተኞች ማቆያ በአሜሪካ የአየር ድብደባ የተመታው ሚያዝያ 20 ቀን 2017፣ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ እያለ ነው። አካባቢውን የያዙት ሑቲዎች ቢያንስ 68 አፍሪካውያን ስደተኞች መገደላቸውን ገልጸዋል። የሐምሌውን በእረፍት ማመካኘት ቢቻልም የሚያዝያውን አይቻልም።

ተመራጩ በእጁ ያለው

አንድ የምክር ቤት አባል መንግሥትን ማዘዝ አይችልም። ኤምባሲ እንዲከፈት፣ አውሮፕላን እንዲላክ፣ በጀት እንዲዛወር ብቻውን መወሰን አይችልም። የውጭ ግንኙነት የፌዴራል አስፈጻሚው ሥራ ነው። ምክር ቤቱ ያለው ሥልጣን አንቀጽ 55 ላይ ተቀምጧል። በንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፣ የአስፈጻሚውን አሠራር ይመረምራል። በንዑስ አንቀጽ 18 መሠረት ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ በማንኛውም የአስፈጻሚ ሥልጣን ላይ ይወያያል፣ እርምጃም ይወስዳል። አንድ ሦስተኛው 183 ሰው ነው። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወንበር ብቻ ማግኘታቸውን ስናስብ፣ ይህ በር ያለ ገዥው ፓርቲ አባላት ፈቃድ የማይከፈት መሆኑ ግልጽ ነው።

የጠያቂው ደኅንነት ጉዳይም አለ። አንቀጽ 54 አባሉ በምክር ቤት በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይታሰር ይደነግጋል። ነገር ግን የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን ይመሩ የነበሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት በ2015 ክረምት መታሰራቸውና ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ቆይቶ መሆኑ፣ ሌሎች ተመራጮች ስለ ክልሉ ሲጠይቁ ቃል እንዲመርጡ ማድረጉ አይቀርም። ስለ የመን መጠየቅ ከዚህ አንጻር ቀለል ያለ ይመስላል። የቤቱ ጥያቄ በከበደ ቁጥር የውጭው ጥያቄ ማምለጫ ሊሆን እንደሚችልም መታዘብ ይገባል።

የየመኑ ቀውስ ለምን የወሎ ጉዳይ ሆነ

ሰብዓዊ ቀውስ የሚባለው በጦርነት፣ በድርቅ ወይም በመፈናቀል ምክንያት ሰዎች በራሳቸው ሊወጡት የማይችሉት የሕይወት አደጋ ውስጥ ሲገቡ ነው። የመን ከ2007 ጀምሮ በዚያ ውስጥ ናት። እንዲያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት በፈረንጆቹ 2023 ወደ 97 ሺህ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 61 ሺህ ስደተኞች የመን መግባታቸውን መዝግቧል፤ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች የመን መተላለፊያ እንጂ መድረሻ አይደለችም፤ የሚፈለገው ሳዑዲ ነው።

የወሎው መንገድ የታወቀ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ከዚያ በጅቡቲ በረሃ በአሳል ሐይቅና በታጁራ በኩል ኦቦክ ይደርሳል። ከዚያ ባብ ኤል መንደብን በጀልባ መሻገር ነው፤ ወሽመጡ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ማዶ ላሕጅ ወይም አብያን ከወረዱ በኋላ በኤደንና በማሪብ ወደ ሰዓዳ፣ ከሰዓዳ ወደ ሳዑዲ ድንበር ይወጣሉ። በመንገዱ ላይ ሰውን አግቶ ከቤተሰብ ማስለቀቂያ መጠየቅ የተለመደ ንግድ ሆኗል። ወጪው የሚወጣው ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከሐብሩ ነው፤ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በዓመት ኪራይ ይሰጣል፣ ከዘመድ ይበደራሉ።

ለምን ይሄዳሉ ለሚለው አንድ መልስ የለም። የእርሻ መሬቱ ጠባብ ነው፤ ደጋው በበልግ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የ2014ቱ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ጎድቶ አልፏል፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ሌላ ግጭት ቀጥሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ የሳዑዲ ሪያል የሚያወጣው ብር ጨምሯል፤ ይህ የተላኪውን ገንዘብ ዋጋ ከፍ ሲያደርገው በአገር ውስጥ የቀረውን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ያሳንሰዋል።

ሕጋዊው በር ደግሞ ለወንድ ጠባብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ብቻ ነው፤ ዕድሜው ቢያንስ 18 ይሆናል፤ ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት የአሠሪው ሲሆን ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የሠራተኛው ወጪ ነው። መደበኛ ፓስፖርት በ2016 መጨረሻ 5 ሺህ ብር ሆኗል። ወደ ሳዑዲ ያለው ሕጋዊ ምልመላ በአብዛኛው ለቤት ሠራተኛ፣ ማለትም ለሴቶች ነው። «በቦሌም በባሌም» የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፦ የቦሌው በር የጠበበበት ወጣት በባሕር ይሄዳል።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች»

የውጭ ጥያቄን የሚቃወሙ ሰዎች ይህን ተረት ይወዱታል። ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው በሐብሩ ጃራ መጠለያና በሐይቅ ቱርክ ካምፕ የተጠለሉ ሰዎች አሉ። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ፣ ውሉ ከተፈረመ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያልፈውም መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም። የአሜሪካ ዕርዳታ በጥር 2017 ሲታገድ በቀጥታ የተነካው ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሳይሆን እዚሁ በምግብ ዕርዳታ መዝገብ ላይ ያለው ገበሬ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚጠየቀው የፌዴራል መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 89 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከልና ሲደርስም ለተጎጂው በወቅቱ የመድረስ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል።

ከመንግሥት ወገን የሚሰማው መከራከሪያ ሌላ ነው፦ ጸጥ ያለ ዲፕሎማሲ። ሳዑዲ ውስጥ በጣም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት በአንድ ወቅት 750 ሺህ ገደማ ብሎ ገምቷቸዋል። በአደባባይ ወቀሳ ቢጀመር የሚጎዱት እነሱ ናቸው ይባላል። ለዚህ የ2006ቱ ማስረጃ ይጠቀሳል፤ ያኔ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተባርሯል። የመን ደግሞ ሁለት ባለሥልጣን ያላት አገር ናት፤ ኤደን ያለው ዓለም የሚያውቀው መንግሥትና ሰንዓንና ሰዓዳን የያዙት ሑቲዎች። ከማን ጋር ይፈራረማሉ?

ይህ መከራከሪያ በከፊል ያሳምናል። ጸጥታው ውጤት ካለው ቁጥሩ ለምክር ቤት ሊነገር ይገባል፤ ስንት ሰው እንደተመለሰና ስንት አስከሬን እንደታወቀ መናገር ሪያድን የሚያስቀይም ነገር የለውም። የመጀመሪያው መከራከሪያ ደግሞ የሚሳሳተው ተማሳዩ ወጥ የሰው እንዳልሆነ ባለማየቱ ነው፤ አብያን ጠረፍ ላይ የሞተው ልጅ የቀበሌው ልጅ ነው።

አስከሬን የሌለው ሞት

ከጉዳዩ ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። በባሕር አደጋ የሞተ ሰው አስከሬን ከተገኘ ብዙ ጊዜ እዚያው ጠረፍ ይቀበራል። የተሳፋሪ ዝርዝር የለም፤ ደላላው መዝገብ ቢይዝም አያወጣውም። ቤተሰብ የሚሰማው በድምፅ መልእክት ወይም አብሮት ተሳፍሮ ከተረፈ ጎረቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ችግር እንዲህ ይሄዳል።

ቅሬው፣ ማለትም የወሎ ዕድር፣ ድንኳን ይጣል አይጣል ብሎ ይከራከራል፤ «ሞቷል» ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። መስጊድ ሶላተል ጋኢብ፣ ማለትም የሩቅ ሟች ሶላት፣ ሊሰገድለት ይችላል። ወረቀቱ ግን አይንቀሳቀስም። የቀበሌው ወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ሞትን ለመመዝገብ ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃ ከሌለ ሰውየው በሕግ ፊት በሕይወት አለ፤ ሚስቱ ያገባች ናት፣ የእርሻ መሬቱ የይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስምና ፎቶ እንደያዘ ይቆያል፣ ውርስ አይጣራም፣ ለጉዞው የተበደሩት ዕዳ ማን ይክፈል እንደተባለ ያድራል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ «የመጥፋት ውሳኔ» የሚባል መንገድ አስቀምጧል። በአንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው በፍርድ ቤት እንዲወሰንለት ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፣ የንብረቱም ጉዳይ መስመር ይይዛል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁለት ዓመቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ወሬ ከተሰማበት ነው፤ ለዚህ የስልክ መልእክቱን ቀን ያስቀመጠ ሰው ጥቂት ነው፤ ስልክ ሲቀየር ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ምስክር የሚሆነው የተረፈው ጎረቤት ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ጉዞውን ይቀጥላል።

ለዚህ ነው አንድ የወሎ ተመራጭ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ግፉ እንዴት ይታያል» መሆን የሌለበት። ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ ከአደጋው የተረፉ ሰዎች ቃል በስንት ቀን ውስጥ ተወሰደ? አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ስም፣ ወረዳና ቀበሌ ጭምር ተመዝግቧል ወይ? ያ ዝርዝር ለክልሉ ደርሷል ወይ? ለስንት ቤተሰብስ በደብዳቤ ተገለጸ? ወጣቶቹ በአብዛኛው ከአንድ አካባቢ ተሰባስበው ስለሚጓዙ፣ አንድ የተረፈ ልጅ የብዙ ጓደኞቹን ስም ሊናገር ይችላል። አንዲት ገጽ ደብዳቤ ለአንዲት ሚስት የሁለት ዓመት ጥበቃ ልታስቀር ትችላለች።

ጥያቄው የሚሰበርበት ቦታ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት በሚገኙበት ቀን አባላት በተራ ጥያቄያቸውን ያነባሉ፤ መልሱ በጅምላ ይሰጣል። ጠያቂው «አልተመለሰልኝም» ብሎ ወዲያው የመከታተያ ጥያቄ የሚያነሣበት ዕድል እምብዛም ነው። በዚህ መድረክ የተለመደው ዓይነት ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «በዓረብ አገራት በዜጎቻችን ላይ የሚደርሰውን ግፍ መንግሥት እንዴት ያየዋል? እንዲሁም የአካባቢያችን መንገድ፣ የባቡሩ መዘግየት፣ የተፈናቃዮች ሁኔታና የኑሮ ውድነት ሕዝቡን እያማረረ ስለሆነ ምን ታስቧል?»

ይህ አንድ ጥያቄ አይደለም፤ አምስት ነው። መላሹ ከአምስቱ የሚቀለውን ይመርጣል። ዘላቂ መልሱ «ጉዳዩ በትኩረት እየተሠራበት ነው» ይሆናል፤ ይህ አነጋገር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ስህተት ሆኖ ሊገኝ አይችልም። ተመራጩ ቪዲዮውን ለመራጮቹ ያሳያል፤ መራጩም ተጠየቀልን ይላል። ያገኘው ነገር ግን የለም።

በቋሚ ኮሚቴ ደረጃ ነገሩ ይለያል። የስድስት ወሩና የዘጠኝ ወሩ አፈጻጸም የሚታየው እዚያ ነው፤ ሚኒስቴሩ ሠንጠረዥ ይዞ ይቀመጣል፣ ጊዜም አለ። ያሉት መሥሪያ ቤቶች የተለያዩ መሆናቸው ግን መታወቅ አለበት። ታስሮ ያለ ዜጋን መጎብኘትና የቆንስላ ጥበቃ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው፤ በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲያውቅለት የመጠየቅ መብት አለው። የሥራ ስምሪት ስምምነትና የተመላሾች ሥራ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። በሰው የመነገድና ድንበር የማሻገር ወንጀል በአዋጅ 1178/2012 የሚታይ ሲሆን ክሱ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። የዕርዳታ እህል የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። የቀበሌ ውሃና ትምህርት ቤት በአብዛኛው የክልል ሥራ ነው፤ ይህን ለፌዴራል ሚኒስትር መጠየቅ «ለክልሉ እናስተላልፋለን» የሚል መልስ መግዛት ነው።

የተሻለው ጥያቄ አድራሻ፣ ቁጥርና ጊዜ ያለው ነው። ለምሳሌ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፦ «በ2016 ከሳዑዲ ይመለሳሉ ከተባሉት 70 ሺህ ዜጎች እስከ መጋቢት 30 ቀን 2017 ስንቱ ተመለሱ? ከእነሱ በደቡብ ወሎ፣ በሰሜን ወሎና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስንት ተመዘገቡ? ከተመዘገቡት ስንቱ ብድር፣ ስንቱ ሥልጠና፣ ስንቱ ሥራ አገኙ? በወረዳ ተለይቶ ይቅረብልን።» ይህ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው፤ አስቸጋሪነቱም ጥቅሙ ነው። ሠንጠረዡ ከሌለ አለመኖሩ ራሱ መልስ ይሆናል፤ ተመራጩ በሚቀጥለው ጊዜ «ባለፈው የለም ተብሎ ነበር፣ አሁንስ?» ይላል።

የተመላሹ መንገድ የሚቋረጠው ብዙውን ጊዜ ከቦሌ በኋላ ነው። ተመላሹ አዲስ አበባ ለጥቂት ቀን ይቆያል፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ መርሳ ወይም ቢስቲማ ይወርዳል። ወረዳው ብድር ለማግኘት ተደራጅ ይለዋል፤ መታወቂያው ጊዜው አልፏል፣ አብሮት የሚደራጅ ሰው የለም፣ መሥሪያ ቦታ ተራ አለው። የጉዞ ዕዳው ግን ተራ አይጠብቅም። ደላላው ደግሞ ስልኩን አልቀየረም። በዚህ ምክንያት ተመልሰው የሚሄዱ ሰዎች በየአካባቢው ይታወቃሉ፤ በመዝገብ ግን እንደ አዲስ ስደተኛ ነው የሚቆጠሩት።

በጀትና ቀን

ጥያቄ ገንዘብ ካላስከተለ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ የጸደቀው በሰኔ 2017 መጨረሻ ነው፤ ጀልባዋ የሰጠመችው ከዚያ አንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ለአስከሬን ማጣራት ወይም ለተረፉ ሰዎች ቃል መቀበያ ገንዘብ ያልያዘ መሥሪያ ቤት፣ ተጨማሪ በጀት ካልጸደቀ በቀር ዓመቱን ሙሉ «በጀት የለም» ማለት ይችላል። ስለዚህ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ቋሚ ኮሚቴ ረቂቁን በሚመለከትበት በሰኔ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ፣ በኅዳር በቀጥታ ሥርጭት ከሚቀርቡ አምስት ንግግሮች የበለጠ ክብደት አለው፤ ምንም እንኳ ካሜራ ባይኖረው።

ክረምት በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነፋስና ማዕበል የሚበረታበት ወቅት ነው። ምክር ቤቱ የሚዘጋውም በዚያው ወቅት ነው። ከወሎ የሚመረጥ ሰው ለውጭ ጉዳይና ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴሮች ያለውን ጥያቄ በጽሑፍ፣ የመልስ ቀን አስቀምጦ ማስገባት ያለበት ከሰኔ 30 በፊት ነው።